አቶ አጽብሃ ለምን አልሳቁም?

አቶ አጽብሃ ካዛንቺስ ከሚገኝ አንድ ሆቴል ጡረታ የወጡት እንግዳ ተቀባይ ሆነው ነው። ሥራቸው ፈገግታ ነበር ማለት ይቻላል። አውሮፕላኑ ዘግይቶበት ወይም ሻንጣው ጠፍቶበት ተቆጥቶ የመጣ እንግዳ እንኳ እሳቸው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ልማዱ አልለቀቃቸውም። ከቤታቸው እስከ ኡራኤል ታክሲ ተራ ድረስ ላገኙት ሁሉ ቆመው ሰላምታ ስለሚሰጡ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ በሚቸኩሉበት ቀን ትተዋቸው ቀድመው ይወጡ ነበር።

እኔ በአንድ ግቢ የምኖር ጎረቤታቸው ነኝ። የሆነውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ራሳቸው ነግረውኛል። ለሌላው ይጠቅማል ብለው እንድጽፈው የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከልብ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አቶ አጽብሃ ታክሲ ሲጠብቁ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ለልብ ደም የሚያደርሰው ሥር ጠቧል ተባለ። እንደ ዕድል ሆኖ ፈጥነው ስለ ደረሱ ተረፉ። ሐኪሙ በየቀኑ የሚዋጡ ኪኒኖች አዘዘላቸውና በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ አጥብቆ ነገራቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ አዲስ ሕግ ወጣለት። አጽብሃ እንዳይናደድ፤ አጽብሃ እንዳይደነግጥ። መጥፎ ዜና ሲመጣ ከእሳቸው ይደበቃል። ክርክር ሲነሳ ወይዘሮ አልጋነሽ በዓይናቸው ይጠቅሳሉ፣ ወሬው ይለወጣል። ወሎ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው ብቸኛ ልጃቸው ሉሊ እንኳ በሥራዋ የሚገጥማትን ችግር ለአባቷ መንገር ተወች። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዷቸው ነው። ግን ቀስ በቀስ ስለ አቶ አጽብሃ የሚያወራ እንጂ ከአቶ አጽብሃ ጋር የሚያወራ ሰው ጠፋ።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ሰውዬው መለወጥ ጀመሩ። ወጥ እያረረ አጠገቡ ተቀምጠው አይሸታቸውም። እግራቸው ከመሬት አልነሳ እያለ ይጎተታል። ሲሄዱ ግራ እጃቸው ይወዛወዛል፤ ቀኙ ግን ከጎናቸው ተጣብቆ ይቀራል። ቁጭ ሲሉ ደግሞ የዚያው የቀኝ እጃቸው ጣቶች በገዛ ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ድምፃቸው ዝቅ እያለ ሄዶ ካላስደገሟቸው የማይሰማ ሆነ። ያ ፈገግተኛ ፊትም መጀመሪያ ረጋ፣ ከዚያ ደረቀ።

ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠ። ወይዘሮ አልጋነሽ ልቡ ነው አሉ። ሰፈሩ እድሜ ነው አለ። የእድሩ ሰዎች በአንድ ለቅሶ ላይ አቶ አጽብሃ ሲንገዳገዱ አይተው መጠጥ ጀምሯል ብለው አወሩ። ወሬው ጆሯቸው ሲደርስ አቶ አጽብሃ ድንኳን መሄድ ተዉ። ቀኝ እጃቸውንም ኪሳቸው ውስጥ መክተት ለመዱ።

ለልብ ክትትል ሲሄዱ ሐኪሙ ደረትዎን ያምዎታል ወይ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ ይላቸዋል። አያመኝም ብለው ይመለሳሉ። ስለ እጃቸው አላነሱም። የልብ ሐኪም ዘንድ ስለ እጅ ማውራት ነውር መስሏቸው ነበር። ቤተሰቡ ደግሞ ሐኪም የሚያየው ሰው ስለሆነ አንዳች ነገር ቢኖር ይነግሩን ነበር ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ሐኪሙም ቤተሰቡም አንዱ በሌላው ተማምነው፣ አንድ ትልቅ በሽታ በመካከላቸው ማንም ሳያየው አደገ።

ከሁሉም የከፋው የወይዘሮ አልጋነሽ ሐሳብ ነበር። ባለቤታቸው እንደ ጠሏቸው እርግጠኛ ሆነው ነበር። አንድ ቀን አብረን ልብስ ስናሰጣ፣ ምን እንደበደልኩት እንኳ አላውቅም፤ አፉን አውጥቶ አይነግረኝም፣ ፊቱን ግን ይኸው ዘጋብኝ ብለው አለቀሱ። ለምን አይጠይቋቸውም ስላቸው፣ ልቡ ይታመምብኛል አሉኝ።

በዚህ መሐል ሉሊ ለሊሳ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ተዋወቀች። ጨዋ ልጅ ነው። ተዋደዱና ሊጋቡ ተስማሙ። የለሊሳ አባት አቶ ኢተፋም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ልጅ ሊጠይቁ መጡ። ያን ቀን እኔም በመስተንግዶ ላግዝ ቤታቸው ነበርኩ።

እንግዶቹ ገብተው ሲቀመጡ አቶ አጽብሃ ኮስተር ብለው አገኟቸው። መጀመሪያ ላይ ይህ ማንንም አላስገረመም። ልጅ ሲጠየቅ አባት ኮስተር ማለቱ ወግ ነውና። ነገር ግን ጨዋታው ሞቆ፣ ጉዳዩ በጎ መልስ አግኝቶ፣ ሰው ሁሉ ሲሳሳቅ የእሳቸው ፊት እንደ ነበር ቀረ። ዓይናቸው ሳይርገበገብ አቶ ኢተፋ ላይ ፈጠጠ። አንድ ነገር ተናገሩ፤ ማንም አልሰማቸውም። በኋላ እንግዶቹ ተነስተው ሲሰናበቱ አቶ አጽብሃ ከወንበራቸው አልተነሱም። አቶ ኢተፋ እጃቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው ወጡ።

የበር ላይ ስንብት ምን ይመስል እንደ ነበር መናገር አልፈልግም። ወይዘሮ አልጋነሽ ልቡን ስለሚያመው ነው እያሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ እንግዶቹ አይዞዎት ይላሉ፤ ግን ፊታቸው ሌላ ይናገራል። በማግስቱ ለሊሳ ለሉሊ ደወለ። አባቱ ሌሊቱን አልተኙም። ምናልባት የልጅቱ አባት የእነሱ ወገን ባለመሆናችን ነው ቅር ያላቸው፤ ካልተፈለግን ደግሞ ልጄን በማይፈለግበት ቤት አላስገባም ብለዋል አላት።

ሉሊ ግራ ገባት። አባቷ ሰውን በወገን የሚለይ አልነበረም። ግን ያየችውን አይታለች። የአባቷ ፊት የድንጋይ ነበር። እናቷን ብትጠይቅ እናቷ ራሳቸው አያውቁም። አባቷን ለመጠየቅ ስትነሳ እናቷ በሩ ላይ ቆመው ከለከሏት።

"እማዬ፣ ታዲያ ማንን ልጠይቅ?" አለቻቸው።

"ልቡን ታውቂዋለሽ ልጄ። አንድ ነገር ቢሆን በኋላ ራስሽን ይቅር አትይም። ተይው፣ ጊዜ ያበርደዋል።"

ጊዜው ግን አላበረደውም። የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ሰነበተ። ሉሊ ከሥራ እየመጣች በቀጥታ ክፍሏ መግባት ጀመረች። አቶ አጽብሃ ሳሎን ተቀምጠው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማሉ። ልጃቸው ለምን እንደማታናግራቸው አያውቁም። እሳቸውም በበኩላቸው ጠልታኛለች ብለው ደመደሙ። በአንድ ቤት ውስጥ የሚዋደዱ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ሌላው እንደ ጠላቸው አምነው ተቀመጡ።

የአቶ አጽብሃ ታናሽ እህት ወይዘሮ መብርሂት ሊጠይቋቸው የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። የወንድማቸውን እጅ አይተው ደነገጡ። ለወንድማቸው ሟች ናቸው፤ ግን ያላወቁትን ነገር አውቃለሁ የማለት ጠባይ አለባቸው። የሚያውቁት አንድ ሰው ኪኒን ትቶ እንደ ዳነ ተናገሩ። ይሄ ሁሉ መድኃኒት ነው እንዲህ ያደረቀህ፤ ልብህ አሁን ደህና አይደል? ለምንድነው የምትውጠው? አሏቸው። አቶ አጽብሃ ደረታቸውን ካመማቸው ዓመታት አልፈዋል። እጃቸው ግን በየቀኑ ይባስ ይንቀጠቀጣል። የእህታቸው ቃል ልክ መሰላቸው። ለማንም ሳይናገሩ ኪኒናቸውን ተዉ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም አልሆኑም፤ ይህም ይበልጥ አሳሳታቸው። እጃቸው ግን አልተሻለም። ከዚያ እግራቸው ማበጥ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር ጀመረ። አንድ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ወደቁ። ወይዘሮ አልጋነሽ ሲጮሁ ሮጠን ደረስን። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ሉሊና እኔ ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው።

ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለቻቸው ዶክተር ፋኢዛ የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። የመጀመሪያው ሥራዋ ነፍሳቸውን ማትረፍ ነበር፤ አተረፈችም። ልባቸው ያለ መድኃኒት ተሸክሞት የከረመው ሸክም አድክሞት ነበር። ሲረጋጉ ግን ዶክተሯ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንሶላው ላይ ያረፈችውን ቀኝ እጃቸውን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተች። ከዚያ ቤተሰቡ ለዓመታት ያልጠየቀውን ሁሉ ጠየቀቻቸው። ሽታ ይሸትዎታል? የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግርዎታል? አልጋ ላይ መገላበጥስ? እጃቸውን ይዛ ክርናቸውን አጠፈችና ዘረጋች። ተነስተው እንዲራመዱ አድርጋ ከኋላ ከኋላቸው ሄደች።

አቶ አጽብሃ ሁሉንም መለሱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ዶክተሯ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማቻቸው። ሉሊ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አባቷ እንዲህ ብዙ ሲናገሩ ከሰማች ስንት ጊዜ እንደሆናት ለማስታወስ ስትሞክር እንደ ነበር በኋላ ነገረችኝ።

የነርቭ ሐኪምም አይቷቸው ምርመራው ሲያልቅ ዶክተር ፋኢዛ ቤተሰቡን ሰብስባ አስረዳች። አቶ አጽብሃ ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ይዟቸዋል። መነሻው አንጎል ውስጥ ነው። እንቅስቃሴን የሚያዙት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይዳከማሉ፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ይዘገያል፣ ይገተራል።

ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ሰምተው ተደናገሩ። "እኛ የምናውቀው ልቡን ነው እኮ። ልቡ ነው እንዲህ ያደረገው ማለት ነው?"

"አይደለም እናቴ፤ ሁለት በሽታ ነው ያለባቸው" አለች ዶክተሯ። "ልባቸውን ስለምታውቁ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ልብ ነው እያላችሁ ሌላውን ሳታዩት ቀራችሁ።"

ወይዘሮ መብርሂትም እዚያው ነበሩ። ታዲያ ኪኒኑ አይደለም ወይ ያንቀጠቀጠው ብለው ጠየቁ። ዶክተር ፋኢዛ አላፈጠጠችባቸውም። እንቅጥቅጥ የሚያመጡ አንዳንድ መድኃኒቶች እንዳሉ፣ መጠርጠራቸው ስህተት እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ጥርጣሬ ሲመጣ ግን መድኃኒቶቹን ሁሉ ይዞ ሐኪም ዘንድ መምጣት እንደሚያስፈልግ፣ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሊገድል እንደሚችል አስረዳች። የአቶ አጽብሃ የልብ ኪኒኖች ለእጃቸው ምክንያት አልነበሩም። ወይዘሮ መብርሂት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ሉሊ ሁለቱ በሽታዎች እንዴት አንድ ሰው ላይ ተገናኙ ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ እርግጠኛ መልስ አልሰጠቻትም። ሁለቱም በእድሜ የገፉ ሰዎችን ይይዛሉ። እንደ ስኳር ያሉ ልብን የሚጎዱ ሕመሞች የፓርኪንሰንንም አደጋ ሊጨምሩ ይችላሉ የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ግን ነገሩ ገና አልተቋጨም። ለጊዜው የሚታወቀው ሁለቱንም አብሮ ማከም እንደሚያስፈልግ ነው አለች። የፓርኪንሰኑ መድኃኒት ከተቀመጡበት ሲነሱ የደም ግፊታቸውን ሊጥለው ስለሚችል የልቡ መድኃኒት መጠን መስተካከል አለበት። ስለዚህ አንዱ ሐኪም የሚሰጠውን ሌላው ማወቅ ይኖርበታል። በሽታው እንደማይድን፣ ግን መድኃኒቱና በየቀኑ መንቀሳቀስ ብዙ እንደሚያግዝ ነገረቻቸው።

ከዚያ እንደ ዘበት አንድ ነገር ጨመረች። የፊት ጡንቻዎችም ይደርቃሉ። ሰውየው ደስ ብሎት በውስጡ ይስቃል፤ ፊቱ ላይ ግን አይወጣም። ዘመዶች ኩርፊያ ይመስላቸዋል አለች።

ወይዘሮ አልጋነሽ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። ሉሊ ግን ወደ አልጋው ሄዳ ከአባቷ እግር አጠገብ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ የለሊሳ አባት የመጡ ቀን ደስ ብሎህ ነበር?"

አቶ አጽብሃን ጥያቄው ግራ አጋባቸው።

"ስቄ ነበር እኮ" አሉ። "አላየሽኝም?"

"ሲሄዱ ለምን አልተነሳህም ታዲያ?"

"ልነሳ እየሞከርኩ ነበር። እግሬ እሺ አላለኝም። እስክነሳ ሰውየው ሄዱ።"

ሉሊ ያን ቀን ማልቀስ ጀምራ ማቆም አቃታት። አቶ አጽብሃም ስለ ሠርጉ መቋረጥ፣ አቶ ኢተፋ ስለተሰማቸው ነገር፣ ሁሉንም ሰሙ። ወይዘሮ አልጋነሽ የባላቸውን ልብ ፈርተው እጃቸውን እንደ ጨበጡ ነበር። ልባቸው ግን አልቆመም። የበለጠ የጎዳቸው እስከዚያ ቀን ሳይነገራቸው መቆየቱ ነበር።

ከሆስፒታል ወጥተው ጥቂት ሲያገግሙ አቶ ኢተፋ ቤት ራሴ ካልሄድኩ አሉ። ሌላ ሰው ይላክ ቢባሉ እምቢ አሉ። መድኃኒቱን ጀምረው ስለነበር ትንሽ ቀለል ብሏቸዋል። ሉሊና እኔ አብረናቸው ሄድን። አቶ ኢተፋ የሚኖሩት ሰንጋ ተራ አካባቢ ነው። ከታክሲው ወርደን ያቺን አጭር መንገድ ለመጨረስ ብዙ ቆየን። መንገደኛው እያለፈን፣ አንዳንዱም ዞሮ እያየን፣ አቶ አጽብሃ አንዴ እየቆሙ፣ አንዴ እየተራመዱ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሳይከቱ ሄዱ።

አቶ ኢተፋ በጨዋነት፣ ግን በርቀት ተቀበሉን። አቶ አጽብሃ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አቶ ኢተፋ እንዲያዩት ጉልበታቸው ላይ አወጡት።

"አቶ ኢተፋ፣ ፊቴን አይመኑት፤ ታሟል። የሚናገሩኝን ሁሉ ግን እሰማለሁ። እርስዎ ቤቴ ሲመጡ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄን ለልጅዎ ስሰጥም ደስ እያለኝ ነው።"

ሉሊ ዶክተሯ ያለችውን አብራራች፤ እጃቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ መጠጥ ነው ተብሎ የተወራውን። እኛ የጠበቅነው ዕርቅ ነበር። አቶ ኢተፋ ግን ያንን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። መጠጥ ነው ተብሎ ነበር? ብለው ደግመው ጠየቁ። ከዚያ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ተናደዱብን ይሆን ብለን እርስ በርሳችን ተያየን።

በኋላ እንደ ነገሩን፣ ነገሪ የሚባል ታላቅ ወንድም አላቸው። እጁ መንቀጥቀጥ፣ ሰውነቱ መክሳት፣ ጠባዩም መለዋወጥ ሲጀምር ቤተሰቡ ጠጪ ሆኗል ብሎ ፈረደበት። እሱ አልጠጣም እያለ ይምላል፤ የሚሰማው የለም። በአንድ ምርቃት ላይ ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ እንግዳ ፊት ሲሰበር፣ አቶ ኢተፋ ራሳቸው ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጣ ብለው አስወጡት። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም አልተጠራም።

አቶ ኢተፋ በዚያው ሳምንት ወንድማቸውን ፈልገው ሐኪም ዘንድ ወሰዱ። የነገሪ ግን ፓርኪንሰን አልነበረም። አንገቱ ውስጥ ያለው የእንቅርት እጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው የሚያንቀጠቅጠው ተባለ፤ በመድኃኒት የሚታከም ነገር። ልቡንም እያስቸገረው ነበር። ሁሉ እንቅጥቅጥ አንድ አይደለም፤ ለይቶ የሚያውቀው የመረመረ ሐኪም ብቻ ነው። ነገሪ መድኃኒቱን ጀምሮ ሲሻለው፣ ቤተሰቡ በጥቂት ወራት ሕክምና መልሶ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ሰው ለዓመታት አጥቶት እንደነበር ገባው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደረገ። አቶ አጽብሃ ተቀምጠው እንግዳ ተቀበሉ። ድምፃቸው ስለማይሰማ ወይዘሮ አልጋነሽ አጠገባቸው ሆነው ያሉትን እየደገሙ ያሰሙላቸው ነበር። በሽታው አልሄደም፤ አንዳንዴም መድኃኒቱ ከፋርማሲ ይጠፋና እንቸገራለን። ነገር ግን ቤታቸው ውስጥ ያ የዓይን ጥቅሻ ቀርቷል። የሚነገረው ይነገራቸዋል፤ የሚጠየቀው ይጠየቃሉ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ሉሊ ከደረታቸው እስከ ጣታቸው ያየችውን ሁሉ ትናገራለች።

በዚያ ሠርግ ላይ አቶ ኢተፋ ወንድማቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው በገዛ እጃቸው ሲያጎርሱት አየሁ። በኋላ ሰው ሲበተን አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው በማይለይ ድምፅ እንዲህ አሉ።

"ተው ብየዋለሁ፤ አሰደብከኝ ብየዋለሁ፤ ውጣ ብየዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ግን ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።"

በየቤታችሁ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እግሩ የሚጎተት፣ ፊቱ የጠፋባችሁ አባት ወይም እናት ካለ፣ እድሜ ነው ብላችሁ አትለፉት። ዛሬ አጠገቡ ተቀመጡና ጠይቁት፤ ነገ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ።